ያገለገለ የድሮ መሰንቆ ስንት ያወጣል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች

አሮጌ መሰንቆ አግኝታችሁ «የተጠራው ዋጋ ይገባዋል ወይ?» ላላችሁኝ ነው ይሄ። አጭሩ መልስ፦ የምትከፍሉት ለእንጨቱ ነው። ሳጥኑ ላይ የተወጠረው ቆዳና ድምፅ የሚሰጠው የፈረስ ጭራ ይቀየራል። እንጨቱ ከተበላሸ ግን መሰንቆው የለም።

ስለዚህ ቆዳው ስለተቀደደ ብቻ ጥሩ መሰንቆ ጥላችሁ አትሂዱ። አዲስ ነጭ ቆዳ ስለተወጠረበትም ብር አትጨምሩ። መጀመሪያ አንገቱ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ እዩ። ሳጥኑን በአንድ እጅ ያዙና በሌላው አንገቱን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ወይም ሲጥ ካለ፣ ሲጫወቱበትም ይንጣጣል። በደንብ ተከራከሩ። አንገቱ ትንሽ ጎበጥ ቢል ያን ያህል አያስደነግጥም። መሰንቆ ላይ ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም።

ቀጥሎ ነቀዝ። ከስሩ ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ ሳጥኑን ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ዱቄት የመሰለ ነገር ከረገፈ ነቀዙ አሁንም እየበላው ነው። ተዉት፣ በነጻም አይወሰድም።

«የአያቴ ነው» መባሉ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ማንኛውም እንጨት ማድቤት ውስጥ ከተሰቀለ ይጠቁራል። በእውነት ሲጫወቱበት የኖረ መሰንቆ ግን ምልክቱ የሚገኘው እጅ ያረፈበት ቦታ ነው። አውራ ጣት የሚደገፍበት የአንገቱ ጀርባ ይለሰልሳል። ጭራው የሚገዘገዝበት የደጋኑ መያዣ ያብረቀርቃል። ደጋኑ በሚመላለስበት በኩል ደግሞ ጭራው ላይ የሚታሸው የእጣን ብናኝ ጋግሮ ታገኛላችሁ። ሁሉም ቦታ እኩል ከጠቆረ ጭስ ወይም ቀለም ነው። ደጋኑንም ለብቻው ፈትሹ፤ የራሱን ጭራ በጣት ጫን ስትሉት እንጨቱ ገፍቶ መመለስ አለበት።

ከየት ይገዛ? የባህል ዕቃ ሱቅ ያለው ብዙው ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ነው፤ ለሚጫወት ሰው አልመክርም። ገበያ ላይ፣ ደሴም ይሁን የባቲ ሰኞ ገበያ፣ ርካሽ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ድምፁን ሳትሰሙ መግዛታችሁ ነው። የኔ ምርጫ ከአዝማሪ እጅ ነው። ወደድ ይላል፣ ግን የሰማችሁትን ትገዛላችሁ። «እስቲ አምባሰል አሰማኝ» በሉት፣ ከዚያ ባቲ፤ ሁለቱም የቅኝት ስሞች ናቸው። ክራር ቅኝት ሲቀየር ክሩ እንደገና ይቃኛል፤ መሰንቆ አንድ ጭራ ስለሆነ ቅኝቱ ከጣት ነው የሚመጣው። ጣቱ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወርድ መሰንቆው ከታፈነ አትቸኩሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። ደሴ ጭጋግ በዋለበት ቀን የሰማችሁት መሰንቆ ዝግት ያለ ድምፅ ቢሰጥ አትፍረዱበት፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቆይታችሁ ድጋሚ ሞክሩት። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ያው መሰንቆ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሻጩ ኮምቦልቻ ከሆነና የምትጫወቱት ደሴ ከሆነ፣ ይህን አስባችሁ ግዙ።

ቆዳ ለማስወጠር የከበሮ ወይም የድቤ ሠሪ ጠይቁ። ውጥረት የለመደ እጅ ነው፣ እኔ ከእንጨት ሠሪ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ለጭራው የጋሪ ፈረስ ያለው ሰው አይጠፋም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ሠሪው ደህና አዲስ መሰንቆ በ4,000 ብር እሸጣለሁ አለ እንበል። ቆዳና ጭራ ለማስቀየር 1,000 ብር ከተባላችሁ፣ ቆዳው የተቀደደው አሮጌ መሰንቆ ጣሪያው 3,000 ነው። ደጋን ከሌለው የደጋኑንም ዋጋ ቀንሱ። ከጣሪያው በላይ የምትሄዱት ድምፁ ከአዲሱ ሲበልጥባችሁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መሰንቆ አለ፤ እንጨቱ ለዓመታት ደርቆ ድምፁ የሚከፈት። ሲያጋጥማችሁ 500 ብር ጨምሩና ይዛችሁ ውጡ።