የመድን ዐረቦን ጭማሪ በሕግ ይገደብ ወይስ አይገደብ? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰደድ እሳትና ጎርፍ ሲደጋገም፣ የመለዋወጫ ዋጋ ሲንርና ሕግ ሲሻሻል የቤትና የመኪና መድን ዐረቦን (ለመድን ሽፋን የሚከፈለው ገንዘብ) አብሮ ይጨምራል። መንግሥት ይህን ጭማሪ በሕግ ሊገድብ ይገባልን? ይገደብ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት የቤት ባለቤት ይጀምሩልን።

የቤት ባለቤቷ፦ መድን ከገባሁ ጀምሮ አንድም ጊዜ ካሳ ጠይቄ አላውቅም። ሆኖም በዘንድሮው የዕድሳት ደብዳቤ ዐረቦኔ በአንድ ሦስተኛ ጨምሮ መጣ፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «የገበያ ሁኔታ» የሚል ብቻ ነበር። ከጭማሪው ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን በሁለተኛው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ዐረፍተ ነገር ነው፦ ጎርፍ ቢደርስ ከራሴ ኪስ የምሸፍነው ኤክሰስ እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ በብዙ ገንዘብ ያነሰ ሽፋን ገዛሁ ማለት ነው። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ስለሆነ መድኑን ልተው አልችልም፤ መኪናዬንም ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳላወጣ ሕግ ይከለክለኛል። ግዢ ብሎ ያስገደደኝ ሕግ ዋጋውንም ሊቆጣጠርልኝ ይገባል።

ካሳ ገማቹ፦ እኅቴ፣ «የገበያ ሁኔታ» ብሎ ማለፍ መልስ እንዳልሆነ እስማማለሁ። ነገር ግን ከጀርባው ያለውን በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ። ቀድሞ የተሰነጠቀ የፊት መስታወት ተነቅሎ ሌላ ሲገጠም ሥራው ያልቅ ነበር። ዛሬ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ከመስታወቱ በስተጀርባ መሥመር የምትከታተልና ፍሬን የምታሲዝ ካሜራ አለች፤ መስታወቱ ሲቀየር እርሷም በልዩ መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለባት፤ የዚህ ሥራ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከመስታወቱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። በዚህ ላይ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በተከሰተው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እጥረት መለዋወጫ ሲዘገይ፣ ባለመኪናው የሚጠቀምበት ተለዋጭ መኪና ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር። ደንበኛዋ አንድም ግጭት ባይደርስባት እንኳ ዐረቦኗ የሚሰላው በመንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ በሚደርስባቸው ጉዳት ልክ ጭምር ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ዋጋን ማሰር ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአሜሪካዋን ግዛት የካሊፎርኒያን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ መድን ሰጪዎች የቤትና የመኪና ዐረቦን ከመጨመራቸው በፊት የግዛቲቱን የመድን ኮሚሽነር ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ለብዙ ዓመታት የሰደድ እሳት ስጋትን የሚያሰሉትም ባለፈው ኪሳራ ብቻ እንጂ ወደፊት በሚጠበቀው አልነበረም፤ ለጠለፋ መድን (መድን ሰጪዎች ራሳቸው ለሚገቡት መድን) የሚከፍሉትንም በዐረቦኑ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድላቸውም ነበር። ዋጋው ታሰረ፤ ሽፋኑ ግን ሸሸ። ስቴት ፋርም የተባለው መድን ሰጪ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ የቤት መድን ማመልከቻ መቀበሉን አቆመ፤ ብዙ ባለቤቶችም ሌላ አማራጭ ላጡ ወደተቋቋመው፣ ዋጋው ከፍ ያለ ሽፋኑ ግን ጠባብ ወደሆነው «ፌር ፕላን» ገቡ። በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ዙሪያ እሳቱ ሲነሣ ብዙዎች የቆሙት በዚሁ ጣራ ሥር ነበር። ግዛቲቱ በመጨረሻ ወደፊት የሚጠበቀው ኪሳራም ሆነ የጠለፋ መድን ወጪ በስሌቱ እንዲገባ ፈቅዳለች፤ በምላሹ ትላልቆቹ ድርጅቶች ለእሳት በተጋለጡ አካባቢዎች የሽፋን ድርሻቸውን እንዲያሳድጉ ግዴታ አስገብታለች።

የቤት ባለቤቷ፦ ገደብ ሁሉ እንዲህ ያበቃል ማለት ግን አይደለም። በብሪታንያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድን ሰጪዎች ለነባር የቤትና የመኪና መድን ደንበኛ ውሉን ሲያድሱ፣ ለአዲስ ደንበኛ ከሚያቀርቡት የበለጠ ዋጋ እንዳይጠይቁ ተከልክለዋል። ታማኝ ደንበኛ ስለታመነ ብቻ የሚቀጣበት ልማድ ነው የተገደበው። ለጎርፍም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው «ፍለድ ሪ» የተባለው የጠለፋ መድን ተቋም የቤት መድኑን የጎርፍ ክፍል ከመድን ሰጪው በተወሰነ ዋጋ ይረከባል፤ ገንዘቡም ከመድን ሰጪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ይደጎማል።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጥሩ ምሳሌ አነሡ፤ ሆኖም «ፍለድ ሪ» እ.ኤ.አ. ከ2009 መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ ቤቶችን እንደማይጨምርና በ2039 እንዲያበቃ እንደታሰበ አይዘንጉ። ቤት ሠሪዎች በድጎማው ተማምነው ወንዝ ዳር እንዳይሠሩ ነው። እኔ የምቃወመው ወሰንና ማብቂያ የሌለውን ገደብ ነው እንጂ ገደብን ሁሉ አይደለም።

አሽከርካሪው፦ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ዐረቦኑን የሚጨምረው ራሱ ሕጉ ነው፤ ያም ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። እዚያው ካሊፎርኒያ አሽከርካሪ በግጭት ለአንድ ተጎጂ ሊይዘው የሚገባው ዝቅተኛ ሽፋን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ 15,000 ዶላር ነበር፤ በጥር 2025 ወደ 30,000 ከፍ ብሏል። የእግር አጥንቱ ለተሰበረ ሰው 15,000 ዶላር የሆስፒታሉን ደጃፍ አያሻግርም። ዐረቦኑ ቢጨምርም ተጎጂው እኔው ልሆን እችላለሁና አልቃወምም።

ካሳ ገማቹ፦ በቤት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ይኸኛው ግን ሰውን ሳያውቀው ይጎዳል። የግንባታ ሕግ ሲጠብቅ፣ የተቃጠለ ቤት የሚሠራው በአሮጌው ሳይሆን በአዲሱ ደንብ ነው፤ ብዙ ውሎች ግን ተጨማሪውን ወጪ ጭራሽ አይሸፍኑም ወይም ወሰን ያበጁለታል። ከዚህ የባሰው ቤቱ ከዋጋው በታች ዋስትና ሲገባ ነው። ዋጋው 100 የሆነ ቤት በ60 ተመዝግቦ ወጥ ቤቱ ብቻ ቢቃጠልና ጉዳቱ 10 ቢሆን፣ ዋስትናው የቤቱን ዋጋ 60 በመቶ ብቻ ስለሚሸፍን በብዙ ውሎች የሚከፈለው 10 ሳይሆን የ10ሩ 60 በመቶ፣ ማለትም 6 ነው። የግንባታ ዕቃ በተወደደ ቁጥር ያ 60 ማንም ሳይነካው እያነሰ ይሄዳል። እኅቴ፣ ዐረቦኑን ይተዉትና በውልዎ የተጻፈውን የቤቱን ግምት አይተውታል?

የቤት ባለቤቷ፦ አሁን አውጥቼ አየሁት። ግምቱ ቤቱን በገዛሁበት ዓመት የተጻፈው ነው፤ በየዕድሳቱ አልተነካም። ዐረቦኑን ለመጨመር ዓይናቸው የበራ ሰዎች ይህን ግምት ሳያዩት አልቀሩም። እንግዲህ አቋሜን በዚህ መልኩ አሻሽላለሁ፦ የጭማሪው መጠን በሕግ ባይታሰርም፣ የጨመረው ምን እንደሆነ፣ የተቀነሰው ሽፋን የትኛው እንደሆነና የቤቱ ግምት በስንት ዓመተ ምሕረት ዋጋ እንደተያዘ በመጀመሪያው ገጽ፣ ከዐረቦኑ እኩል በሆነ ፊደል እንዲጻፍ ሕግ ያስገድድልኝ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ በዚህ ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ። ያም ሆኖ ሕጉ እስኪወጣ ሳይጠብቁ፣ ውሉ ከመታደሱ በፊት ግምቱ እንዲሻሻል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ያስቀሩ።