የ14 ዓመት ልጄ የኤሌክትሪክ ስኩተር ወይም ብስክሌት መንዳት ይችላል? (ካሊፎርኒያ)

እናት ከሳን ዲዬጎ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ አጎቱ ተቁሞ የሚነዳ የኤሌክትሪክ ስኩተር በስጦታ አመጣለት፤ አሁን ደግሞ ጓደኞቹ ሁሉ ስለያዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ካልተገዛልኝ እያለ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ራቅ ይላል፤ እኔም የጠዋት ፈረቃ ስለምሠራ ላደርሰው አልችልም። እኛ ባደግንበት አገር ብስክሌት ብስክሌት፣ ሞተርም ሞተር ነበር፤ እዚህ ግን የሁለቱ ድንበር ጠፍቶብኛል። ስኩተሩ ትንሽ ስለሆነ እሱን ፈቅጄ ብስክሌቱን ልከለክል አስቤአለሁ። ሕጉን የምታውቁ ወገኖች ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አባት ከኦክላንድ፦

እህቴ፣ ሕጉ እርስዎ ካሰቡት ጋር የተገላቢጦሽ ነው። በካሊፎርኒያ ተቁሞ የሚነዳውን ስኩተር መንገድ ላይ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ወይም ቢያንስ ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል፤ ፐርሚት ደግሞ 15 ዓመት ከ6 ወር ሳይሞላ አይሰጥም። ስለዚህ ልጅዎ በስጦታው መንገድ ላይ ሊወጣበት አይችልም። ዕድሜው ሲደርስም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች እስከሆነ ድረስ ሄልሜት ግዴታው ነው፤ ከኋላው ሰው መጫን፣ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትና በሰዓት ከ15 ማይል በላይ መፍጠን ለማንም አልተፈቀደም።

ብስክሌቱ ግን በሦስት ክላስ ይከፈላል። ክላስ 1 የሚባለው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ሞተሩ የሚያግዘው ሲሆን 20 ማይል ላይ ሲደርስ እገዛው ይቆማል። ክላስ 2 ፔዳል ሳይረገጥም በእጅ መስጫው (መሪው ላይ ባለው የፍጥነት መስጫ) ብቻ እስከ 20 ማይል ይሄዳል። ክላስ 3 በፔዳል እስከ 28 ማይል ያግዛል፤ ይህንን ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይነዳው ሕጉ ይከለክላል፤ ሄልሜትም አዋቂውን ጨምሮ ለሁሉም ግዴታ ነው። ለክላስ 1 እና 2 በስቴት ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ዕድሜ የለም። ሆኖም በ2024 በወጣ ሕግ በሳን ዲዬጎ ካውንቲ ያሉ ከተሞች ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እነዚህን ሁለቱን እንዳይነዱ የሚከለክል ደንብ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ማሪን ካውንቲ ላይ ደግሞ ለክላስ 2 ገደቡን 16 ዓመት ማድረግ ተፈቅዷል። የእርስዎ ልጅ 14 ዓመቱ ስለሆነ የሳን ዲዬጎው ገደብ አይነካውም።

የሁለት ወንዶች ልጆች እናት፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሻጩ «ብስክሌት» ያለው ሁሉ በሕግ ፊት ብስክሌት እንዳልሆነ እኔ በገንዘቤ ተምሬአለሁ። ለትልቁ ልጄ ከኢንተርኔት የገዛንለት ካርቶኑ ላይ ጎልቶ «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» የሚል ነበር። ፖሊሱ ልጁን ሲያስቆመው እኔም ተጠርቼ ደረስኩ፤ ጎንበስ ብሎ ፍሬሙን ዙሪያውን አየና «ምልክቱ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አምራቹ ክላሱን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱንና የሞተሩን ዋት ጽፎ በፍሬሙ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ዋቱም ከ750 መብለጥ የለበትም። የእኛው ላይ ምንም አልነበረም። ፔዳሎቹ ለይስሙላ የተገጠሙ ነበሩ፤ ልጄም ከስልኩ ላይ የፍጥነት ገደቡን አንስቶ 35 ማይል ድረስ ይነዳው እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እንዲህ ያለው በሞተር የሚመደብ በመሆኑ የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል። ተጭኖ ተወሰደ። ይህን የምጽፈው በጣም ስላዘንኩ ነው፤ ልጄ ጥፋተኛ ቢሆንም መጀመሪያ ያልመረመርኩት እኔ ነኝ።

አባት ከሎስ አንጀለስ፦

እኔ በበኩሌ ፈጽሞ መከልከልን አልደግፍም። ወላጅ ሁለት ፈረቃ በሚሠራበት ቤት ልጁ በሰዓቱ ትምህርት ቤት መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ክላስ 1 ይግዙለት እላለሁ። እኔ ለሴት ልጄ ከገዛሁ በኋላ ለአንድ ወር ያህል እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የትምህርት ቤቷን መንገድ አብሬያት ነዳሁ። ያስፈራኝ ትልቁ መንገድ ሳይሆን ከየጊቢው ወደ ኋላ እየተነዱ የሚወጡት መኪናዎች ነበሩ፤ ብስክሌቱ በባትሪው ምክንያት ስለሚከብድ ፍሬን ተይዞም ወዲያው አይቆምም። ሄልሜት ያላደረገ ልጅ የሚቀጣው እስከ 25 ዶላር ነው፤ ለቅጣቱ ወላጅም አብሮ ተጠያቂ ነው። ልጁ ሰው ቢገጭ የቤት ኢንሹራንስዎ ይሸፍን እንደሆነ ደግሞ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

እናት ከሳን ዲዬጎ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከልጄ ጋር ሱቅ ሄደን ነበር። የመረጠው ብስክሌት ምልክቱ ከፔዳሉ በላይ ባለው ብረት ላይ ተለጥፏል፤ ክላስ 2፣ 750 ዋት ይላል። ሕጉ ባይከለክለውም በእጅ መስጫ ብቻ የሚሄድ ለአሁኑ አልፈልግም ብዬ ክላስ 1 እንዲፈልጉልን አዘዝን። ልጄ አኩርፏል፤ ግን ምልክቱን ራሱ አንብቦ ልዩነቱን ለታናሽ እህቱ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ። የስኩተሩን ቻርጀር ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ፐርሚቱን ያወጣ ዕለት እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁ። ለአጎቱም ደውዬ ነገርኩት፤ እሱም እንደ እኔው መጫወቻ መስሎት ነበር።