የሊቀመንበሩ ማኅተም፦ ለወረዳው ምክር ቤት የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊው፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለወረዳው ምክር ቤት የምናስገባውን ረቂቅ ትናንት ማታ ደግሜ አነበብኩት። ዘጠኝ ነጥብ ሆኗል። መንገድ፣ ውሃ፣ የከብት ክትባት፣ ሁሉም አለበት። እኔ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ሥራ ላይ ብቻ እንድናተኩር እለምናችኋለሁ። ሌላው ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው።

ባለፈው ለለቅሶ አገር ቤት ሄጄ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ተቀምጣለች። የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ፈልጋ ነው። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም ነው። ማኅተሙ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። ሴትዮዋ ከቆላው ጎጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት ወጥታ ነው የመጣችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ ወረደች። ሐሙስ እንደገና መጣች። በኋላ ሊቀመንበሩን አግኝቼ ጠየቅኩት። «ማኅተሙን ለማን ትቼ ልሂድ? ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ያለውም እውነት ነው። ለዚህ መላ ካላገኘን የቀረው ስምንት ነጥብ ወረቀት ማባከን ይመስለኛል።

ጡረተኛው መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ነገሩ ግን ከማኅተም ይሰፋል። በንጉሡ ዘመን፣ በጭቃ ሹም ጊዜ፣ ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፣ ግብር ከታች ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ገበሬው የራሱን ሊቀመንበር መረጠ። አዋጁ አንድ ገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር፣ በድሮው 20 ጋሻ መሬት እንዲይዝ ይል ነበር። ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ሾላ ሥር ጭሰኛው እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ፤ የሰዉን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብዙም ሳይቆይ ያው የተመረጠ ሰው የኮታ እህል ሰብሳቢ ሆነ፤ ለውትድርና ልጅ የሚመለምልም እሱ ሆነ። መራጩ ታች ቀረ፣ ጠያቂው ላይ ሆነ። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ለቀበሌው ሰው ቆሞ የሚናገርበት ቀን ይኑረው። በዓመት ሁለቴ፣ ጥር ላይ አንዴ፣ ግንቦት ላይ አንዴ። ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳቃተው ይንገረን።

እህታችን፣ ከመርሳ፦
መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ስለ ሴፍቲኔት፣ ችግረኛው እርዳታ ስለሚያገኝበት ፕሮግራም፣ ልናገር። ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ አለ። ደንቡ ችግረኛውን የሚለየው የማኅበረሰቡ ኮሚቴ ነው፣ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይኖራል ይላል። እኛ ቀበሌ ዝርዝሩ በር ላይ ተለጠፈ፣ በማግስቱ ንፋስ ወሰደው። ቢቆይስ ስንቱ ያነበዋል? ከአክስቴ ጋር ግቢ የሚጋሩ አሮጊት ስማቸው መሰረዙን ያወቁት የክፍያ ቀን ሰልፍ ላይ ነው። ኩፖን ይሆናል ብለው አንድ አሮጌ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ነበር። ፈትተው ለሚከፍለው ልጅ ሰጡት። ልጁ አየውና መለሰላቸው። እሳቸውም መልሰው ቋጠሩት።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ ራሱ፣ በራሱ ድምፅ፣ ዝርዝሩን በቅሬ፣ በእድራችን፣ ቀን ያንብብ። ቅሬ ላይ የማይመጣ የለም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገኛል። የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ ይሁን እንጂ።

የሕግ ባለሙያው፣ ከወልዲያ፦
በቅሬ መነበቡን እደግፋለሁ። ቅሬው እንዲወስን ግን አንጻፍ። ቅሬ ሐዘን የምንካፈልበት ነው። ስም አስገቢና ስም ሰራዥ ከሆነ ነገ ለቀብር አብሮ መውጣት ይከብዳል። ውሳኔው በኮሚቴውና በቀበሌው ምክር ቤት ይቆይ።

ሌላም እርማት አለኝ። ረቂቁ «ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ሊቀመንበር» ይላል። ሕዝብ የሚመርጠው የቀበሌውን ምክር ቤት ነው፤ ሊቀመንበሩን ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል። የአካባቢ ምርጫ ደግሞ በ2005 ከተደረገ በኋላ የ2010ሩ ተራዘመ። በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም እኛ ጋ ለወረዳና ለቀበሌ ድምፅ አልተሰጠም። የአምስት ዓመት ዘመን የነበረው ውክልና ስንት ዓመት እንደተለጠጠ ቁጠሩት። ምርጫ መጥራት የእኛ ሥልጣን አይደለም። ምክር ቤቱ እንዲሰበሰብና ሊቀመንበሩን እንዲገመግም መጠየቅ ግን መብታችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱን መግቢያው ላይ አስገቡልኝ።

የሊቀመንበር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አባቴ ሊቀመንበር ነበር። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ሊቀመንበሩ ገበሬ ነው፣ ደመወዝ የለውም። ሐምሌ ላይ ለጤፍ እያረሰ ስልኩ ይጮሃል፤ «አሁኑኑ ወረዳ ና» ይሉታል። በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ለታናሽ ወንድሜ ትቶ ይሄዳል። ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ እርፉን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ትልሙ ይጣመማል። የዚያ ዓመት ጤፍ ሲበቅል መስመሩ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። እናቴ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞራ ነበር ውሃ የምትቀዳው። ጎረቤት ደግሞ አባቴን «የወረዳ ሰው» ይለው ነበር። ተጠያቂ ይሁን ስንል የሚበላውንም እናስብለት። ደመወዝ ይቆረጥለት ባይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
አብሽር ልጄ፣ አባትህን አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ እንደሱ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ደመወዙ ላይ ግን እፈራለሁ። ደመወዝ ከወረዳ ከተቀበለ አለቃው ወረዳ ነው። የመጓጓዣና የምሳ ይከፈለው። ስብሰባው ደግሞ በገበያ ቀን ይሁን። ገበያ ለመውጣት ያው ይመጣል፣ ያን ቀን ማንም አያርስም።

እህታችን፣ ከመርሳ፦
የገበያው ሐሳብ ግሩም ነው። ግን ገበያ ቀን ሰው ለጉዳይ ወደ ቀበሌ የሚመጣበትም ቀን ነው። ማኅተሙ ያን ቀን እንዳይጠፋ!

ጸሐፊው፣ ከደሴ፦
እንግዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ። ሊቀመንበሩ ከቀበሌው ሲወጣ ማኅተሙን በፊርማ ለምክትሉ ያስረክባል፤ ማኅተም ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት አይወጣም። የሴፍቲኔት ዝርዝር የቅሬታ ጊዜ ሳያልፍ በቅሬ ቀን በሊቀመንበሩ ይነበባል፤ ውሳኔው የኮሚቴውና የምክር ቤቱ ነው። ሊቀመንበሩ ጥርና ግንቦት ላይ በምክር ቤቱ ስብሰባ ሕዝብ ባለበት ሪፖርት ያቀርባል። ወረዳው ለስብሰባ ሲጠራው በገበያ ቀን ይጠራዋል፣ የመጓጓዣና የምሳ ይከፍለዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር አይጠራውም። የመጨረሻዋን ያስገባሁት ለዚያ ለተጣመመው ትልም ነው።

ደመወዙን አሁን አልጻፍኩትም። ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ እስከ እሑድ ንገሩኝ። መንገዱና ውሃው ለሚቀጥለው ይቆዩን።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት እወርዳለሁ። ያቺን እናት ፈልጌ ረቂቁን አነብላታለሁ፣ ከተስማማች ከእኛ ጋር ትፈርማለች። በጣቷ ነው የምትፈርመው። ቀለሙን ከዚህ ይዤ እሄዳለሁ።