የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል በአንዱ ምስል ጉድጓድ፣ በሌላው ጉብታ ሆኖ ታየኝ

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ከውጭ አገር ቤተ ሙከራ የተላከልኝን የስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ (ሳይነካ ገጹ ላይ በሚመላለስ ሹል የብረት መርፌ አቶሞችን የሚያሳይ መሣሪያ) መረጃ እየተነተንኩ ነው። ናሙናው እስከ 4 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ የቀዘቀዘ መዳብ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ አርፎበታል። ጠዋት በተነሳው ምስል እያንዳንዱ ሞለኪውል የጠቆረ ጉድጓድ ሲመስል፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቮልቴጅና ጅረት በተነሳው ግን ደማቅ ጉብታ ሆኗል። አንዱ ሞለኪውል ደግሞ ከነበረበት ጠፍቷል። የትኛውን ምስል ልጣል?

መልስ፦ መምህር፣ ከኮምቦልቻ
አብሽር፤ የሚጣል የለም። የጠፋው ሞለኪውል መርፌው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ይመስለኛል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቢኒግና ሮረር እ.ኤ.አ. በ1981 ዙሪክ ላይ የሠሩት ይህ መሣሪያ በቀጥታ የሚለካው ከፍታን ሳይሆን፣ በመርፌውና በብረቱ መካከል ባለው ክፍተት የሚሾልከውን የኤሌክትሮን ጅረት ነው። ባዶ የብረት መርፌ ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ሲደርስ ጅረቱ ስለሚያንስ፣ መሣሪያው ጅረቱ እንዳይለወጥ ሲል መርፌውን ዝቅ ያደርገዋል፤ እርስዎ ጉድጓድ ያሉት ይህን ነው። መርፌው ራሱ አንድ ሞለኪውል ከያዘ ግን ያው ሞለኪውል ጉብታ ሆኖ ይታያል።

መልስ፦ ከወልዲያ
የመምህሩ ግምት ትክክል ቢመስለኝም፣ አስቀድመው የምስሉ ቀለም በስህተት ተገልብጦ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ። የመዳቡ ገጽ እንደ አገራችን የተራራ እርሻ እርከን እርከን አለው። በሁለቱም ምስሎች የላይኛው እርከን ደማቅ ከሆነ ቀለሙ አልተገለበጠም። ጉብታዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታዩ ግን መርፌው ሁለት ጫፍ አውጥቷልና ያን ምስል ይጣሉት።

ጠያቂው
እርከኑን አየሁት፤ በሁለቱም የላይኛው ደማቅ ነው፣ ጥንድ ጉብታም የለም። በሦስተኛው ፋይል ሞለኪውል ለመግፋት ተሞክሮ ንቅንቅ አላለም። መዝገቡ 50 ሚሊቮልትና 50 ፒኮአምፔር ይላል።

መልስ፦ መምህር፣ ከኮምቦልቻ
በዚህ ልኬት ምስል ይነሳበታል እንጂ ሞለኪውል አይገፋበትም። ቮልቴጁን ለጅረቱ ቢያካፍሉት የክፍተቱን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ 1 ጊጋኦም (አንድ ቢሊዮን ኦም) ያገኛሉ፤ ተቃውሞው ይህን ያህል ከበዛ መርፌው ገና ሩቅ ነው ማለት ነው። 10 ሚሊቮልትና 50 ናኖአምፔር ቢደረግ ኖሮ 200 ኪሎኦም፣ ማለትም 5,000 ጊዜ ያነሰ ይሆን ነበር። መርፌው በአንድ አንግስትሮም (0.1 ናኖሜትር) በቀረበ ቁጥር ጅረቱ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚጨምር፣ ይህ ከ3 አንግስትሮም በላይ መቅረብ ነው። በዚያ ቅርበት መርፌው ወደ ጎን ሲሄድ ሞለኪውሉን ከአንዱ የመዳብ አቶም አናት ወደ ጎረቤቱ፣ 0.256 ናኖሜትር ያህል ያሻግረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ልኬት ለዚህ 17 ፒኮኒውተን የጎን ኃይል እንደሚበቃ አሳይቷል። መርፌው ሲቀርብ ቮልቴጁ ዝቅ ማለቱን አይዘንጉ፤ ከፍ ካለ ሞለኪውሉ ወዳልታሰበበት ሊዘል ወይም መርፌው ላይ ሊወጣ ይችላል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። የቤተ ሙከራውን ማስታወሻ መልሼ ሳነብ፣ በሁለቱ ምስሎች መካከል፣ ልክ በጠፋው ሞለኪውል አናት ላይ፣ ወደ 3 ቮልት የሚጠጋ የአፍታ ምት እንደተሰጠ ተጽፎ አገኘሁ።