ጅማ፦ ከዲዩቲ ጋር የላይሰንስ ፈተና እንዴት ይጠናል?

ኢንተርን_ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና ኢንተርንሺፕ (የመጨረሻው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ) ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ከዚያ የሐኪምነት ፈቃድ (ላይሰንስ) የሚያሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና አለ። አሁን ጋይኒ (የማህፀንና ፅንስ ክፍል) ላይ ነኝ። ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛ) አድሬ ስወጣ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። ትልልቆቹን መጻሕፍት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ነበር፣ ግን የኢንተርናሉን (የውስጥ ደዌ) ሳላጋምስ የፔዲው (የሕፃናት ሕክምናው) ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ጓደኞቼ ለአሜሪካ የሐኪሞች ፈተና የተዘጋጁትን የመለማመጃ ጥያቄዎች እየሠሩ ነው፣ ይጠቅማል? ሌላው ደግሞ ሁሌ ሁለት ምርጫ ይቀረኝና እዚያ ላይ እቆማለሁ። ያለፋችሁ ሰዎች ከየት ልጀምር?

የሊሙ_ጂፒ፦
ዶክ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበቡን ተዪው። ለማመሳከሪያ ይሁንሽ። ፈተናው የሚፈልገው ብቻውን ዲዩቲ የገባ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። ሁለት ምርጫ የሚቀርሽ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነው፤ ጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። የ34 ሳምንት እርጉዝ እያንቀጠቀጣት መጣች፣ ግፊቷ 170/110 ነው እንበል። ምርጫዎቹ፦ ማግኒዥየም ሰልፌት (ለመንቀጥቀጡ)፣ ሃይድራላዚን (ለግፊቱ)፣ ማዋለድ፣ አልትራሳውንድ። አልትራሳውንዱ ይቆይ፣ ሌሎቹን ሦስቱን ታደርጊያቸዋለሽ። ግን የአየር መንገዷን ካስተካከልሽ በኋላ መጀመሪያ የሚገባው ማግኒዥየሙ ነው፣ ከዚያ ግፊቱ፣ ስትረጋጋ ማዋለድ። የማግኒዥየሙን ቀጣይ ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ምን ታያለሽ? አተነፋፈሷን፣ የጉልበት ሪፍሌክሷን፣ የሽንቷን መጠን። ትንፋሿ ቢደክምስ? ማግኒዥየሙን አቁመሽ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔት ትሰጫለሽ።

ይሄን አሁን ያለሽበት ዋርድ ውስጥ በእጅሽ እየሠራሽው ነው እኮ! ስለዚህ ከዲዩቲ ስትወጪ መጀመሪያ ተኚ፣ ደክሞሽ ያነበብሽው አይቀመጥም። ስትነሺ ካየሻቸው በሽተኞች አንዷን ብቻ ምረጪና ስለሷ ጋይድላይኑን (የሕክምና መመሪያውን) ክፈቺ።

ሰናይት፦
እኔ በድጋሚ ማንበብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ፣ ከዚያ ገሚሱ ደግሞ አነበበ፣ ገሚሱ ደግሞ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት ጥለዋቸው ሄዱ። የፔዲው የሚጠፋብሽም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስታነቢው የገባሽ ይመስልሻል፣ ግን መጽሐፉን ዘግተሽ ራስሽን አልጠየቅሽም። አንድ ርዕስ እንዳለቀ ዝጊውና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ። ጥያቄም ስትሠሪ ፔዲ፣ ሰርጀሪ፣ ጋይኒ እያልሽ ቀላቅይው፣ ፈተናው ላይ ተለይቶ አይመጣም።

መልስ አትቀይሪ የሚሉሽን አትስሚ። ጥያቄውን ደግመሽ አንብበሽ በቂ ምክንያት ካገኘሽ ቀይሪ፤ ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት የተቀየረ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከስህተት ወደ ልክ ነው የሚሄደው።

አባ_ጅፋር_ሰፈር፦
በአሜሪካኖቹ ጥያቄ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ረጅም ኬዝ አንብቦ ዋናውን ነጥብ ለማውጣት በጣም ያሠለጥናል፣ ጊዜ ካለሽ ሥሪው። ግን እዚያ ላይ ብቻ ከቆየሽ እኛ ጋ በየቀኑ የሚገባው በሽተኛ ያመልጥሻል። ከባድ ወባ ያለበት ልጅ፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ከሆነ አርቴሱኔት በኪሎ 3 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 2.4። በምግብ እጥረት በጣም የተጎዳ ሕፃን ኤፍ 75 (የመጀመሪያው የሕክምና ወተት) የሚጀመርለት ለምንድን ነው፣ ሾክ (የደም ዝውውር መዳከም) ሳይኖረው በደም ሥር ፈሳሽ ለምን አይሰጠውም? የቲቢ መድኃኒት፣ የክትባት መርሐ ግብር፣ ሲግሞይድ ቮልቩለስ (የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ)። እነዚህን ከአገራችን ጋይድላይን ያዢ።

ፐብሊክ ሄልዝን (የኅብረተሰብ ጤናን) ደግሞ አደራ። ሁሉም ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ጊዜ ያልቃል። ሴንሲቲቪቲ (ምርመራው ከታመሙት ስንቱን እንደሚያገኝ)፣ ኢንሲደንስ (አዲስ የሚታመሙት መጠን)፣ ወረርሽኝ ማጣራት አጭር ነው፣ ግን እርግጠኛ ነጥብ ነው። ጅማ የተማረ ሰው ለቲቲፒ (ተማሪዎች በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጡበት ሥልጠና) ወጥቶ ቤት ለቤት ዞሮ መረጃ ሰብስቧል፣ ሪፖርት ጽፏል፣ ይሄ ሊከብደው አይገባም።

ኢንተርን_ጅማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ። የመድኃኒት ዶዝ ሁሉ በቃል ይያዛል?

የሊሙ_ጂፒ፦
ሁሉ አይያዝም። ሌሊት መጽሐፍ ለመክፈት ጊዜ የማይሰጡሽን ያዢ፦ ማግኒዥየም፣ አርቴሱኔት፣ ለአናፊላክሲስ (ለሕይወት አስጊ አለርጂ) አድሬናሊን (ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ)፣ ለሚያንቀጠቅጠው ልጅ ዳያዜፓም፣ ስኳሩ ለወረደበት ግሉኮስ። የቀረውን ጋይድላይን እያየሽ ነው የምትሠሪው፣ እኔም እስካሁን እንደዚያው ነኝ።