ለምዝገባው ዕለት የጭነት ሙከራ፦ የመሣሪያ መረጣና የጋራ ምክረ ሐሳብ

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ጸሐፊ
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበውን ምክረ ሐሳብ እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። አምና የቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ ምዝገባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፈት የደረሰብንን አትረሱትም። በዚያች ሰዓት የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ከፍቼ እያየሁ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ቅንብሩ ካልተለወጠ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው፤ እኛም አልለወጥነውም። መቶው ሲያዝ የቀረው ሰው ሁሉ ደጅ ቆመ። የዋዜማ የጭነት ሙከራ፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንደመጣ አስመስሎ ሰርቨሩን መፈተን፣ ቢደረግ ኖሮ ይህ ቀድሞ ይታይ ነበር። የእኔ ሐሳብ ለሙከራው ጄሜተር የተባለውን መሣሪያ እንድንይዝ ነው፤ ነጻ ነው፣ ብዙዎቻችንም እናውቀዋለን።

አባል፣ ከሐዋሳ
ጄሜተር ለዓመታት እንጀራዬ ነው፤ በመስኮቱ ሙከራውን መገንባት ለጀማሪ ይመቻል። ዋናው ጭነት ግን ያለ መስኮቱ፣ ትእዛዝ በመጻፍ እንዲለቀቅ የራሱ መመሪያ ይመክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሙከራው የሚቀመጥበት ረጅም፣ በምልክቶች የታጨቀ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ አንዱ የለወጠውን ሌላው አንብቦ ማረም ይቸግረዋል። ሥራችን በበጎ ፈቃድ ነው፣ ዘንድሮ የጻፈው ሰው ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ሙከራው በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍበት ኬ ሲክስ ወይም በፓይተን የሚጻፍበት ሎከስት ለተተኪው ይቀላል። ጋትሊንግም ጎበዝ መሣሪያ ነው፤ ከመካከላችን የሚያውቀው ግን የለም።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
በእርስዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ከሁለቱ ለመምረጥ ግን ሰዉ እንዴት እንደሚመጣ እናስብ። ሎከስት የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ተጠቃሚዎች ያሰማራል፤ እያንዳንዱ መልስ ሳያገኝ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲዘገይ ጭነቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ሙከራውም ያታልለናል። በምዝገባ ዕለት ገጹ ስለዘገየ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የለም፤ እንዲያውም ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ኬ ሲክስ «በየሰከንዱ ይህን ያህል ሰው ይግባ» ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል፤ ሰርቨሩ ቢዘገይም መግባቱን አያቆምም። 900 ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ቢመጣ በሰከንድ 3 ሰው ነው። እያንዳንዱ ቅጹን ለመሙላት 4 ደቂቃ ከፈጀበት 720 ሰው በአንድ ጊዜ ገጹ ላይ ይኖራል። ሥራ አስፈጻሚው ይህን ስሌት ማየት አለበት።

ገንዘብ ያዥ
በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር ካለ ከወዲሁ ንገሩኝ። ደግሞስ በሙከራው የቴሌብር ክፍያውን ትነካላችሁ?

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ጸሐፊ
ፈጽሞ አንነካም። ያለ ፈቃድ በሌላው አገልግሎት ላይ ጭነት መልቀቅ ነውር ነው። በቦታው ለአፍታ ቆይታ «ተከፍሏል» የምትል ትንሽ ፕሮግራም እናስቀምጣለን፤ ለአጭር መልእክት (ኤስኤምኤስ) መላኪያውም እንዲሁ። ኬ ሲክስ በራሳችን ማሽን ሲሠራ ነጻ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቀው በኩባንያው ማሽኖች የሚሠራው የደመና አገልግሎቱ ነው፣ እሱ አያስፈልገንም። ጄሜተርን ትቻለሁ።

አባል፣ ከሐዋሳ
ከቤት ዋይፋይ ብቻ እንዳይለቀቅ፤ ያኔ የምንለካው ዋይፋዩን ይሆናል። ለግማሽ ቀን ማሽን እንከራይ። ሪፖርቱም በአማካይ አይሁን። ከ100 ጥያቄ 95ቱ በ0.3 ሰከንድ፣ 5ቱ ግን በ20 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ማለፊያ ይመስላል፤ አምስቱ ሰዎች ግን ተስፋ ቆርጠው ስልኩን ዘግተዋል።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ጸሐፊ
የተሻሻለው አንቀጽ ይኸው፦ «የጭነት ሙከራው በኬ ሲክስ፣ በተከራየነው ማሽን፣ ምዝገባው ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይካሄዳል። በሰከንድ 3 አዲስ ሰው ለ20 ደቂቃ፣ ቀጥሎም በሰከንድ 6 ይገባል። ከ100 ጥያቄ 99ኙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሱ ሙከራው ወድቋል፤ ምክንያቱ ተገኝቶ ሳይታረም ምዝገባው አይከፈትም። የክፍያና የአጭር መልእክት አገልግሎቶች በምትክ ፕሮግራም ይተካሉ። የሙከራው ጽሑፍ ከነማብራሪያው በማኅበሩ ማኅደር ይቀመጣል።»

ገንዘብ ያዥ
የማሽኑ ኪራይ አገር ውስጥ በብር ከሆነ ከመጠባበቂያው እሸፍናለሁ። ዋጋውን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።