«ከሰማይ የታየ አይካድም»፦ ክልሉን በሙሉ ከአየር ማንሣት ያስነሣው ክርክር

የቀሀ ማዶ ሰው፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ ተጋባዥ «ክልሉን በሙሉ በአንድ ዙር ከአየር አንሥቶ ዲጂታል ካርታ መሥራት ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘቡም አይገድም» ሲሉ ሰማኋቸው። ጠያቂው «ገንዘቡ ከየት?» ሳይል ወደ ሙዚቃ ገባ። የሚወራው ከ150 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው የአማራ ክልል ነው። ጎንደር የምትጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ እኛም የቧንቧ ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን ባለንበት ጊዜ «ገንዘቡ አይገድም» የሚል ሰው ቢያንስ የማን ገንዘብ እንደሆነ መናገር ነበረበት። የክልሉ በጀት ከሆነ ከየትኛው ዘርፍ ተቀንሶ ነው? የረጂ ከሆነስ ረጂው ሲሄድ ማን ያድሰዋል? ከአሥር ዓመት በፊት በተነሣ ፎቶ ላይ የዛሬው የአዘዞ ዳርቻ ግማሹ እርሻ ነው።

ከማራኪ፦
ወንድሜ፣ አንገረብን ማንሣትዎ የጠቀመው የእኔን ክርክር ነው። ደለሉ ከየትኛው ተዳፋት ታጥቦ እንደሚመጣ ለማወቅ ከተደራራቢ የአየር ፎቶዎች የሚሠራ የከፍታ ሞዴል ያስፈልጋል፤ በየቢሮው ተንጠልጥሎ የምናየው የ1 ለ50 ሺህ ካርታ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ስለሆኑ፣ አፈሩን እየበላ ያለውን ቦረቦር አያሳይም። ወደ ገጠሩም እንሂድ። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የታደለው የይዞታ ደብተር አዋሳኞችን በስም ይዘረዝራል እንጂ የማሳውን ቅርጽ አይስልም፤ ልኬቱም በአብዛኛው በገመድ የተደረገ ነበር። አዋሳኙ ሲሞት ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሰው ይክዳል፣ ምስክር ይገዛል፤ ከሰማይ የታየ ግን አይካድም።

የአራዳዋ፦
«ከሰማይ የታየ አይካድም» ያልከው ልጄ፣ እኔ ከሰማይ ታይቼ ተክጃለሁ። ቤቴ ያለው ቤት ከቤት ተደጋግፎ በቆመበት በድሮው ሰፈር ነው። የጎረቤቴ የቆርቆሮ ክፈፍ ከግድግዳው ግማሽ ክንድ ያህል አልፎ ወደ እኔ ግቢ ስለወጣ፣ በክረምት ውኃው የሚወርደው በደጃፌ ላይ ነው። ይዞታ ሊያረጋግጡ የመጡት ልጆች ከአየር የተነሣውን ምስል ዘርግተው ጣሪያውን ተከትለው ሲያሰምሩ ክፈፉ ድንበር ሆኖ ቀረ። ግድግዳው የት እንደሚያበቃ፣ በክፈፉ ሥር ያለችው መተላለፊያ የማን እንደሆነች ሰማዩ አላየም። አቤቱታዬ እልባት እስኪያገኝ ሁለት ክረምት አለፈ።

ቀያሹ፦
እትዬ የነገሩን በእኛ ሥራ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ሕንጻው ከፎቶው መሐል በራቀ መጠን ጣሪያው ወደ ውጭ ያጋደለ ይመስላል፤ የተለመደው ኦርቶፎቶ፣ ማለትም እንደ ካርታ እንዲለካ የተስተካከለው የአየር ፎቶ፣ የመሬቱን ወጣ ገባነት ያርማል እንጂ ሕንጻውን አያቀናም። በዚያ ላይ ክፈፍ፣ የባሕር ዛፍ ጥላና ቁልቋል ያለበሰው አጥር አለ። ስለዚህ ምስሉ ለሥራው መነሻ ነው፤ ድንበሩ የሚጸናው ባለይዞታና አዋሳኝ በተገኙበት፣ በመሬት ላይ ነው። ይህን ያልኩት የአየር ፎቶውን በመቃወም እንዳይመስል፤ እንጀራዬ እሱው ነው።

ከማራኪ፦
ጣሪያን ከግድግዳ አለመለየት የሠራተኛ ጥፋት እንጂ የምስሉ ጥፋት አይደለም። ሩዋንዳ አገሩን ከሞላ ጎደል ከአየር አንሥታ፣ ምስሉን አትማ ወደ መንደር በማውረድ፣ ባለይዞታዎች ራሳቸው ድንበራቸውን በምስሉ ላይ እንዲያሳዩ አድርጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዝግባለች። እነሱ የቻሉት እኛን የሚያቅትበት ምክንያት ምንድን ነው?

የቀሀ ማዶ ሰው፦
የሩዋንዳ ስፋት ከ26 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የእኛ ክልል ብቻውን አምስት ስድስት ሩዋንዳ ይሆናል። የእነሱም ወጪ በአብዛኛው በረጂዎች የተሸፈነ ነበር። ይልቅስ ከጠቀሱት ምሳሌ ያስተዋልኩትን ልንገርዎ፦ «ባለይዞታዎች ራሳቸው እንዲያሳዩ» ብለዋል። እንግዲያው ድንበሩን ያየው ሰማዩ ነው ወይስ ሰዉ? «ከሰማይ የታየ አይካድም» ብለው በማግስቱ በመሬት ምስክር ይረታሉ።

ከማራኪ፦
ቃሌን እየሰነጠቁ ነው። ያልኩት፣ ምስሉ በተነሣበት ቀን ቤቱ መኖሩን፣ ማሳው መታረሱን፣ ደኑ መቆሙን ማንም ሊክድ አይችልም ነው። ትናንት ማታ በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ ቤት «ከአባቴ የወረስኩት ነው» ሲባል የሚያጋልጠው ምን ሊሆን ነው?

የቀሀ ማዶ ሰው፦
አሁን ደግሞ «አይካድም» የተባለው ለክስ ማስረጃ ነው ማለት ነው። ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ሲያይ እጁን ያውለበልብ እንደሆነ እንገምት ነበር።

ቀያሹ፦
ስለ እጅ ማውለብለብ ካነሣችሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ፎቶውን ከመሬቱ ጋር ለማገጣጠም ለሚያገለግል የመቆጣጠሪያ ነጥብ ምልክት ስናኖር፣ ነጭ ሸራ በመስቀል ቅርጽ ዘርግተን ጫፎቹን በድንጋይ አጸናን፤ መሐሉ ላይ ብረት ቀብረን በጂፒኤስ አነበብነው። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ማለዳ ስንመለስ ሸራው የለም፤ ድንጋዮቹ ብቻ በመስቀል ቅርጽ ተደርድረዋል። ከቀትር በኋላ አንዱን ክንድ በጋሪ ላይ ጤፍ ሸፍኖ አገኘነው። ባለጋሪው «መሬታችሁ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ተብለን ነው ያነሣነው፤ ሸራው ግን መጣል አይገባውም ብዬ ነው» አለን። አኩርፈን ነበር፤ በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለምን እንደመጣን ለማንም አልነገርንም። በበጀቱ ውስጥ ለበረራ፣ ለካሜራ፣ ለኮምፒውተር ገንዘብ ተይዞ ነበር፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ለመነጋገር የተያዘ ሳንቲም አልነበረም።

የአራዳዋ፦
ይህ የድሮው ነው። ዛሬ ከላይ ድምፅ ሲሰማ ሕፃን እንኳ ወደ ቤት ይሮጣል። «ካርታ ልንሠራ ነው» ብለው ቢናገሩ በገጠር ያለው ሰው የሚያምን ይመስላችኋል?

ቀያሹ፦
እውነትዎን ነው፤ እኔም መልስ የለኝም። የማውቀውን ስለ ጊዜው ልናገር፤ ስለ ገንዘቡ ስንከራከር ስለ ሰማዩ የረሳን መሰለኝ። በእኛ አካባቢ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና ነው። በጥቅምት ሰማዩ ይጠራል፤ ሆኖም ጤፉና ማሽላው ገና ስላልታጨደ የማሳ ድንበር በደንብ አይለይም። ከየካቲት በኋላ ደግሞ አቧራውና የቃጠሎው ጭስ ምስሉን ያደበዝዘዋል። የሚቀረን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ በዚያም ላይ የስሜን ገደሎች በጥላ እንዳይዋጡ በቀን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ጊዜ ብቻ እንጠቀማለን። አሁን የበጀቱን አቆጣጠር ከዚህ ጋር አስተያዩት። በጀቱ ሐምሌ 1 ይታወጃል፣ ዝርዝሩ ይወርዳል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ቅሬታ ይቀርባል፤ ውሉ ሲፈረም መጋቢት ይሆናል። አውሮፕላኑ መነሣት በማይችልበት ወር ገንዘቡ እጃችን ይገባል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ተመላሽ ይሆናል። በአንድ ዓመት በጀት ይህን ሥራ ማቀድ ከመነሻው ስሕተት ነው።

ከማራኪ፦
ከመተማ እስከ ራስ ዳሸን ያለውን በአንድ በጋ መጨረስ እንደማይቻል እኔም እቀበላለሁ።

የቀሀ ማዶ ሰው፦
ራስ ደጀን ነው። የአገሩ ሰው «ዳሸን» አይልም።

ከማራኪ፦
በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ያጠናነው ራስ ዳሸን ነው፤ መጽሐፉን ይክሰሱ።

ቀያሹ፦
መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ሊከሰስ ነው፤ ከፍታውም ዛሬ 4,550 ሜትር ግድም ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። ይህም ቢሆን ከጉዳያችን አይርቅም። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ሳይሞላ ስሜን ከ4,500 ስለሚያልፍ፣ አውሮፕላኑ በአንድ ከፍታ ቢበር የቆላው ምስል ይደበዝዛል፣ በደጋው ደግሞ ፎቶዎቹ መደራረባቸውን ያጣሉ። አካባቢውን በከፍታ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ የበረራ መስመር ማውጣት ያሻል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይለያያል። «በአንድ ዙር» የሚለውን የሬዲዮውን ቃል እኔ ከገንዘቡ ይልቅ የምጠራጠረው በዚህ ነው።

ስደተኛው ጎንደሬ፦
ከሩቅ ሆኜ ጣልቃ ስገባ ይቅርታ ይደረግልኝ። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና 100 ካውንቲዎች አሉ። የአየር ፎቶ በየዓመቱ የሚነሣው የግዛቱ ሩብ ያህል ነው፤ በአራት ዓመት ዙሩ ይሞላና እንደገና ይጀመራል። የምስሉ ጥራት 6 ኢንች ነው፤ አንዷ የምስል ነጥብ በመሬት ላይ የምትሸፍነው ጎን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ሰው በስልክ ሂሳቡ ላይ ለ911 የድንገተኛ ጥሪ ከሚከፍለው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ አምቡላንስ ቤቱን ካላገኘው ጥሪው ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ አለበት። ምንጩ የታወቀ፣ ዙሩ የታወቀ ስለሆነ በየዓመቱ «ከየት ይመጣል» የሚል ጭቅጭቅ አይነሣም።

የቀሀ ማዶ ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ ከክርክሩ መጀመሪያ አንሥቶ ምንጭ የጠቀሰ ሰው አሁን ገና አገኘን። ነገር ግን እኛ ዘንድ አምቡላንስ የሚጠራው «ከጥቁሩ በር ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ» ተብሎ ነው። ቤቱ የጎዳና ስም በሌለው ሰፈር በስልክ ላይ ቀረጥ ይጨመር ቢባል የሚነሣውን ጩኸት ከወዲያ ማዶ ሆነው አይሰሙትም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ለብዙ ዓመታት በሂሳብ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በቁጥር ልናገር። በ25 ሳንቲ ሜትር ጥራት አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 16 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ በሦስት ቀለም 48 ሜጋ ባይት። በ150 ሺህ ብታባዙት ሳይታመቅ ከ7 ቴራ ባይት ያልፋል። ጥራቱን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካደረጋችሁት ወደ 20 ይጠጋል። መሬቱ ያው ነው፤ ወጪው ግን ያው አይደለም። ስለዚህ ክልሉ ለሁሉም የሚበቃውን መሠረታዊ ምስል ይሸፍን፤ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ የጠራ ምስል ከፈለጉ ልዩነቱን ከራሳቸው ገቢ ይጨምሩ። ከሊዝና ከቤት ግብር የሚጠቀሙት እነሱ ናቸውና።

ከዚህ የሚከብደኝ ግን የማስቀመጡ ነገር ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ከአየር ያነሧቸው ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ፎቶዎች በ8,281 ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለአሥርት ዓመታት ማንም ሳይነካቸው ተቀምጠው ነው በተመራማሪዎች የተገኙት። ወረቀት ስለሆኑ ተረፉ። የዛሬው ምስል በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢረሳ ሰማንያ ዓመት ይቆያል?

ከማራኪ፦
ጋሼ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከተሞች ልዩነቱን ይክፈሉ ማለት ትንንሾቹ ከተሞች ደብዛዛውን ይያዙ ማለት ነው። ደባርቅና ቆላ ድባ ምን በደሉ? ደግሞ ለከተማ ድሮን አለ፤ ገንዘቡ ከበዛ በሳተላይትም መጀመር ይቻላል። የራሳችን ሳተላይትስ አልነበረንም?

ቀያሹ፦
በታኅሣሥ 2012 የመጠቀችው ሳተላይታችን የምስሏ ጥራት 13.7 ሜትር ነበር፤ አንዲቱ ነጥብ የእትዬን ግቢ ከነጎረቤታቸው ትውጣለች። ለእርሻና ለደን ጠቃሚ ናት፤ ለይዞታ አትሆንም። ድሮን ለአንድ ክፍለ ከተማ ይበጃል፤ ለክልል ግን ባትሪ ስንቀይር ዕድሜያችን ያልቃል፣ ፈቃዱም በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም። አንድ ነገር ጋሼ በጠቀሱት ላይ ልጨምር፦ የድሮው ካርታ የተሠራበት አዲንዳን የተባለው የአቀማመጥ ልኬት መነሻና ዛሬ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት መነሻ ይለያያሉ፤ ሳያስማሙ አንዱን በሌላው ላይ የደረበ ሰው ማሳውን ከ100 ሜትር በላይ ያዘልለዋል። ይህንንም «ከሰማይ የታየ» እንበለው?

ከማራኪ፦
አንዲቱን ቃል ይዛችሁ መነታረኩን ተያያዛችሁት። መሠራት አለበት ወይስ የለበትም? እሱን መልሱልኝ።

የቀሀ ማዶ ሰው፦
እኔ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሳይመለስ ነው ሌላ ጥያቄ የመጣው። የማን ገንዘብ?

የአራዳዋ፦
እኔ የቀያሹን ልጅ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዳግመኛ ሲመጡ ምን ባደርግ ነው ክፈፉ ድንበር የማይሆነው?

ቀያሹ፦
እትዬ፣ መተላለፊያዋ በሜትር ትለካ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እንደሆነች በወረቀት ይስፈርና ጎረቤትዎ ባሉበት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ምስሉ ሲመጣ ያንን ወረቀት ያሳዩ።

የአራዳዋ፦
ጎረቤቴማ አይፈርምም። «ከሰማይ የታየ አይካድም» ይለኛል።